ሮታራክት ክለብ መግባት ያዋጣል ወይ? ከውስጥ ሆኜ ያየሁት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ሮታራክት ልገባ ነበር፣ ምን ይመስላል? ይጠቅማል ወይስ ጊዜ መብላት ነው?" ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ እዚሁ ዘርዘር አድርጌ ብጽፈው ይሻላል።

መልሴ ግቡ ነው። ግን ዝም ብላችሁ ያገኛችሁት ክለብ ውስጥ አትግቡ። ክለቡ አንድ ሰፈር ሄዶ ከሠራ በኋላ ተመልሶ ይሄዳል ወይ? እሱን አጣርታችሁ ግቡ። ስብሰባው፣ ቲሸርቱ፣ ባነሩ፣ የቴሌግራም ቻናሉ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ ስላለ አንድ ክለብ ነው። በስም አልጠራውም። ደግ ደጉንም ጉድለቱንም ስለማነሳ አባላቱን ማሳቀቅ አልፈልግም። ደግሞም ጉድለቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ በሌሎች የበጎ አድራጎት ማኅበራትም ያየሁት ነው።

ለማያውቅ ሰው ቶሎ ልበል። ሮታሪ የበጎ አድራጎት ሥራ የሚሠሩ ክለቦች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው፣ ሮታራክት ደግሞ የእሱ የወጣቶች ክንፍ ነው። ሮታሪን በ1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጀመረው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። እኛ አገር የገባው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሮታራክት የተቋቋመው በ1968 ሲሆን ድሮ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ ብቻ ነበር። ከ2020 ጀምሮ ግን የላይኛው የዕድሜ ገደብ ተነስቷል። "ሠላሳ አልፎኛል፣ አይቀበሉኝም" ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ እንደገና ሞክሩ፤ አንዳንድ ክለብ በራሱ ደንብ ገደብ ሊያስቀምጥ ስለሚችል ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ደግሞ ኢንተራክት አለ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሮታሪ ሴቶችን በይፋ መቀበል የጀመረው በ1989 ነው። እኔ ባለሁበት ክለብ አሁን ሥራውን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ጉልበት በር ላይ ቆሞ እንደቀረ ሳስበው ይቆጨኛል።

እድር ውስጥ ላደገ ሰው የክለቡ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። መዋጮ አለ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። የቀረ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል፣ ያረፈደ ትንሽ ብር ይቀጣል፣ ቅጣቱም ለክለቡ ሥራ ይውላል። እንዲያውም አዲስ ገቢዎቹን "እድር አስቡት፣ ግን ድንኳኑ የሚተከለው ለማታውቁት ሰው ነው" እያልኩ ነው የማስረዳቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ስብሰባው ምሽት ላይ ከሥራ መልስ ነው፣ ሆቴል ውስጥ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሆቴል ሲሆን ቢያንስ አንድ ማኪያቶ ወይም ውሃ ማዘዝ ግድ ይሆናል፣ ዋጋው ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፣ ራይድ መጥራት ይመጣል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ገና ሥራ ለጀመረ ልጅ ወይም ለተማሪ መዋጮው ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ወጪ ነው የሚከብደው። ጎበዝ የሆኑ ልጆች ቀስ በቀስ መምጣት ሲያቆሙ አይቻለሁ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቃቸውም። እነሱም አፍረው አልተናገሩም። ለብዙ ጊዜ ከተነጋገርንበት በኋላ ነው ከሁለት ስብሰባ አንዱ በነፃ በሚገኝ አዳራሽ እንዲሆን የተስማማነው። ከዚያ ወዲህ የጠፉት አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። ክለብ ስትመርጡ የት እንደሚሰበሰብ ጠይቁ፣ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ።

ስብሰባው ሲጀመር ደወል ይመታል፣ ከዚያ አራቱ ጥያቄዎች ይነበባሉ። የምናስበው፣ የምንናገረውና የምናደርገው ነገር እውነት ነው? ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው? መልካም ግንኙነትንና የተሻለ ወዳጅነትን ይፈጥራል? ለሚመለከታቸው ሁሉ ይጠቅማል? እነዚህን ጥያቄዎች የጻፋቸው ኸርበርት ቴይለር የሚባል የቺካጎ ነጋዴ ነው። በ1932 ሊከስር የደረሰ አንድ የማብሰያ ዕቃ ድርጅት እንዲያድን ተሰጥቶት ለሠራተኞቹ መመሪያ ብሎ ነው ያዘጋጃቸው፣ በኋላ ሮታሪ ወሰዳቸው። ብዙ ጊዜ እንደ ጸሎት በቃል ይወርዱና ያልፋሉ። አንድ ቀን ግን በደንብ ሠሩ፣ እሱን ልንገራችሁ።

የፋሲካ ማዕድ ማጋራት እያቀድን ነበር። ዘይት፣ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ዶሮ። የሚሰጠው ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋውያን ነው። ዕቅዱ ላይ "ርክክብ፣ ፎቶ፣ ፖስት" የሚል አለ። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። "ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልስ እስቲ፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው? እኔ እናቴ ዘይት ይዛ ተነስታ ፎቶዋ ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍ ሰፈር ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳንዱ "ፎቶ ከሌለ ለጋሾች አያምኑንም፣ ለሚቀጥለው በዓል ማን ይሰጠናል?" አለ። ይሄም እውነት ነው፣ ገንዘብ የሰጠ ሰው የት እንደደረሰ ማየት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። ጭቅጭቁ ረዘመ። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው፦ ዕቃው ሲገዛ፣ ሲታሸግ፣ ሲጫን ፎቶ ይነሳል፤ የግዢ ደረሰኙ ይለጠፋል፤ የተቀባዮች ዝርዝር በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጣል፣ ለጋሽ ሲጠይቅ በስልክ ይነገረዋል። የሰው ፊት ግን አይወጣም። ማከፋፈሉም አደባባይ ላይ ተሰልፎ መሆኑ ቀርቶ ቤት ለቤት በምሽት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ለውጥ ቀላል አይደለም። ቤታቸው ስትገባ እናቶቹ ያስቀምጡሃል። ቡና ካላፈላን ይላሉ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ መድኃኒት ቤት ስላጡት የደም ግፊት ክኒን ያወሩሃል። ሰልፍ ላይ ቆመው ይህንን አያወሩም ነበር። የሚቀጥለው ክረምት የሁለት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ የተቀየረው ከዚያ ወሬ ተነስቶ ነው። ለዚህ ነው ስለ ክለብ ዜና ስትጽፉ የተቀባዩን ፊት አትለጥፉ ብዬ የምለምነው። የምታግዙት ሰው ጎረቤት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ስም አለው።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ፣ ፖሊዮ። የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት ሮታሪ ዘመቻ የጀመረው በ1985 ነው። በ1988 ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከሌሎች ጋር ሲጣመር በሽታው ከ125 በላይ አገሮች ውስጥ ነበር፣ በየዓመቱ 350,000 ገደማ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ የመጨረሻ ታማሚ የተመዘገበው በ2014 መጀመሪያ ላይ በሶማሌ ክልል ነው። ነሐሴ 2020 ላይ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከዚህ ቫይረስ ነፃ ተባለ። ከዚህ ጀርባ የእኛ ሰዎች እጅ አለበት። ሲያትል የሚኖሩት ዕዝራ ተሾመ የሚባሉ የሮታሪ አባል ለብዙ ዓመታት አሜሪካውያን አባላትን እያስከተሉ አገር ቤት እየመጡ ቤት ለቤት ክትባት ሲሰጡ ኖረዋል፣ በ2005 ታይም መጽሔት ከዓለም የጤና ጀግኖች አንዱ ብሏቸዋል። ውጭ የምትኖሩ አንባቢዎች "እኛ ምን ማድረግ እንችላለን" ስትሉ እኚህን ሰው አስቧቸው።

ክትባት ባልተዳረሰበት አካባቢ የሚዛመት፣ ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የመጣ ዝርያ አሁንም ስላለ ዘመቻው አልቆመም። የክለብ ልጆች ዘመቻ ላይ ሲወጡ ዋናውን ሥራ የሚመሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እኛ ቅዝቃዜ መያዣውን ሳጥን እንሸከማለን፣ በር እናንኳኳለን፣ እንመዘግባለን። ለልጁ ሁለት ጠብታ አፉ ውስጥ ይደረግለታል፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት በማይለቅ ቀለም ትቀባለች፣ ግድግዳው ወይም በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ጠርሙሷ ላይ ያለችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ማየት ያስተማረችኝ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። ክትባቱ ሙቀት ሲነካው አራት ማዕዘኗ እየጠቆረች ትሄዳለች፤ በዙሪያዋ ካለው ክብ ጋር እኩል ከጠቆረች ያ ጠርሙስ አይሰጥም። ያቺ ልጅ ፀሐይ ላይ በእግሯ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ፣ እያንዳንዱን ቤት በስም እንደምታውቅ፣ በሩን የምትከለክል እናት ጋ ቁጭ ብላ እንዴት በትዕግሥት እንደምታስረዳ ላየ ሰው የበጎ ፈቃድ ሥራ ምን እንደሆነ ሌላ ሥልጠና አያስፈልገውም። እኛ ቅዳሜ ሄደን እንመለሳለን፣ እሷ ሰኞም እዚያው ናት። ክለቡ ለዘመቻው ቡድን ውሃና ምሳ ከማቅረብ ጀምሮ የሚያደርገው ድጋፍ ለእኔ ከብዙ ትላልቅ ፕሮጀክቶች ይበልጣል።

የደም ልገሳው ሌላው የክለቡ ጥሩ ሥራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የደም ባንክ ተንቀሳቃሽ ቡድን ይመጣል፣ ክለቡ ቦታ ያዘጋጃል፣ ሰው ይቀሰቅሳል፣ ወረፋ ያስተናግዳል። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ፣ ጤናማ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የተለገሰ ደም ሳይመረመር ለማንም አይሰጥም፣ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ ይመረመራል። ክለቡን እዚህ ላይ የማደንቅበት ምክንያት የለጋሾቹን ስልክ መዝግቦ ሦስት ወር ሲሞላ መልእክት ስለሚልክ ነው። አንድ ቀን ከበሮ አስመትቶ ብዙ ሰው ማስለገስ አይከብድም። ደም ግን ዘላለም አይቀመጥም፣ አንድ ወር ከምናምን ነው ዕድሜው፣ ፕሌትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍሉ፣ ደግሞ አምስት ቀን ብቻ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪ ለጋሾች ይበተናሉ፣ ወላድ እናት ግን ክረምት ነው ብላ አትጠብቅም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተመላልሶ የሚሰጥ ሰው ነው፣ ይህ ክለብ ይህ ገብቶታል።

የማልወደውን ደግሞ ልናገር። ሮታሪም ሮታራክትም ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚመራው ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ የሚጀምረው በፈረንጆች ሐምሌ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ነው። አዲሱ አመራር ሲመጣ የራሱን ዕቅድ ይዞ ይመጣል፣ ስሙ የሚነሳበት ሥራ ይፈልጋል፣ የሰው ጠባይ ስለሆነ አልፈርድም። ግን የዓምናው ሥራ ባለቤት ያጣል።

ችግኙ ላይ የሆነው ይህ ነው። ሐምሌ ላይ ከተማው ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሄደን ተከልን። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዘፈን፣ ደስ የሚል ቀን ነበር፣ ቪዲዮው ብዙ ታየ። ጥር ላይ ሄደን ስናይ አብዛኛው ደርቋል። ጉድጓዱ ቀድሞ አልተቆፈረም፣ በዚያው ቀን ነው ለብ ለብ የተደረገው። አጥር የለም፣ ፍየል ገብቷል። ከጥቅምት በኋላ ዝናብ ሲቆም ውሃ የሚያጠጣ ሰው አልተመደበም። በዚያ ላይ ያስተከለው አመራር ዓመቱ ተጋምሷል፣ ለቀጣዩ የሚያስረክበው ወረቀት የለም። ቻናሉ ላይ ግን ያ የሐምሌ ፖስት አሁንም አለ፣ ከሥሩ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ተጽፏል፣ ስንቱ እንደጸደቀ ማንም አልጻፈም።

ደስ የሚለው ክለቡ ይህን ሲነግሩት አልተቆጣም። በማግስቱ ዓመት ቁጥሩን በጣም ቀነሰው። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ ተመረጠ። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ በትምህርት ቤቱ ልጆችና በእኛ ልጆች ተቆፈረ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ችግኝ ወሰደ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ የማጠጫ ተራ አወጣ፣ ክለቡ ጀሪካንና የአጥር ሽቦ ገዛ። የጥበቃ ሠራተኛው፣ አባታችን፣ ከሁሉም በላይ ጠቀሙን፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው፣ ክለቡም ለዚህ በየወሩ አበል ይከፍላቸዋል። ሁለተኛውን ጥር ስንሄድ አረንጓዴ ነበር። የታየበት ቪዲዮ የለም፣ ሥራው ግን አለ።

ሌሎቹን በአጭሩ። መስከረም ላይ ደብተርና ቦርሳ ማከፋፈል ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ማኅበር በአንድ ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት ላይ ይረባረባል፣ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ ማቅረቡ በጣም ያስፈልጋል፣ ችግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰጠ የሚቀጥለው ወር ያቺ ልጅ እንደገና ከክፍል ትቀራለች፤ ክለቡ አሁን አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ለማዳረስ እየሞከረ ነው። የውሃ ፕሮጀክት ከፈለጋችሁ ያ ትልቅ ገንዘብ ይጠይቃል። የሮታሪ ፋውንዴሽን ግሎባል ግራንት የሚባለው የገንዘብ ድጋፍ ከ30,000 ዶላር በታች ለሆነ ሥራ አይሰጥም፣ የአገር ውስጥ ክለብና የውጭ ክለብ ተጣምረው ነው የሚጠይቁት፣ ማኅበረሰቡ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማጥናትም ግዴታ ነው። ወረቀቱ ረጅም ነው። ጥናቱ ግዴታ መሆኑን ግን እደግፋለሁ፤ ሰው ሳይጠየቅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፓምፑ ሲሰበር የሚጠግነው አይገኝም።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ሲያትል፣ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የአገልግሎት ጊዜው ሊያበቃ የተቃረበ መድኃኒት፣ የተበላሸ ኮምፒውተር፣ ለቀረጥና ለመጋዘን ከዋጋው በላይ የሚያስወጣ ዕቃ ለክለብ ልጆች ከባድ ጭንቀት ነው። በምትኖሩበት ከተማ ያለውን የሮታሪ ክለብ ከአዲስ አበባው ጋር ማገናኘት ከአንድ ኮንቴይነር ልብስ ይበልጣል።

ማን ይግባ? ቅዳሜውን ለመስጠት የሚችል፣ ሰው ፊት መናገር ለመልመድ የሚፈልግ፣ ከተማው አዲስ ሆኖበት ጓደኛ ያጣ ሁሉ ይግባ። እኔ ያየኋቸው ዓይን አፋር ልጆች ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመራሉ። ሥራም በዚያ ያገኙ አሉ፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ለቪዛ ወይም ለስኮላርሺፕ ወረቀት ብቻ የሚመጡ ግን ሰርተፊኬቷ እስክትሰጥ ድረስ ነው የሚታዩት፣ የጀመሩትን ሥራ ሌላው ይጨርሰዋል። ዕውነቱን ለመናገር ይሄ ቡድኑን ያደክማል። ወረቀቱን ፈልጋችሁም ብትመጡ ምንም አይደለም፣ የያዛችሁትን ብቻ ጨርሱ።

ከመግባታችሁ በፊት እንግዳ ሆናችሁ ሁለት ሦስት ስብሰባ ቁጭ በሉ፣ ይፈቀዳል። ሰኔ መጨረሻ የርክክብ ዝግጅት ስለሚበዛ ሥራው አይታይም፣ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ሂዱ። ገንዘብ ያዡን የዓምናውን ሪፖርት አሳዩኝ በሉ፣ ጥሩ ክለብ ሳይደበቅ ያሳያል። ከዚያ "አምና የሠራችሁት ቦታ መቼ ነው መጨረሻ የሄዳችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ተመዝገቡ። የእኛ ክለብ ሁለት ነገር ይቀረዋል፦ ርክክቡን በጽሑፍ ማድረግና የምሽት ስብሰባውን በሰዓቱ መጨረስ። እነዚህን ካስተካከለ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ አሁን ከአምስት አራት።

በነገራችን ላይ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ጥቅምት ላይ የደም ልገሳ ይኖረናል፣ ቀኑ እንደተቆረጠ እጽፋለሁ። ለምትመጡ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ቁርስ ብሉ፣ ውሃ በደንብ ጠጡ፣ እጅጌው ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ።